«ወድቄያለሁ» ብሎ መውጣት፦ የነርሶች ፈቃድ ፈተና ለምን እንዲህ ያስጨንቃል?

ከነርስነት የፈቃድ ፈተና የወጣን ሰው «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ኧረ ተዉኝ፣ ወድቄያለሁ።» ያለፈውም ይህንኑ ይላል፣ የወደቀውም ይህንኑ ይላል። ነርስ ከሆንኩ ጀምሮ ኤንክሌክስ (NCLEX) ለሚባለው የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና ከሚዘጋጁ ብዙ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ አጥንቻለሁ። ከፈተና ወጥቶ «ቀለለኝ» ያለኝ አንድም ሰው ትዝ አይለኝም።

እኔም ተፈትኜ የወጣሁ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ስልኬን ለማብራት እንኳ አቅም አጣሁ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር የማስበው። ከሁለት ቀን በኋላ ማለፌን አየሁ። ያኔ ደስታው ሁሉን ነገር አስረሳኝ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያን ያህል እርግጠኛ ሆኜ እንዴት ተሳሳትኩ?

ስለ ፈተና ጭንቀት ሲወራ ምክሩ ሁሉ ወደ ተፈታኙ ነው የሚሄደው። ተረጋጊ፣ ጸልይ፣ በደንብ ተኚ። ክፉ ምክር አይደለም። ግን የጭንቀቱ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ፈተናው እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከፈተናው ልጀምር።

ኮምፒውተሩ ምን እያደረገ ነው?

ኤንክሌክስን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ በነርስነት ለመሥራት ይህን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው የካናዳ ክፍል ተቀብሎታል። ከ1994 ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ወረቀቱ ስክሪን ላይ ወጣ ማለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈተናው እንደ ተፈታኙ ይለዋወጣል።

አንድ ጥያቄ ትመልሳላችሁ። ካገኛችሁት ቀጣዩ ከበድ ይላል። ከሳታችሁት ቀጣዩ ቀለል ይላል። ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ስለ ችሎታችሁ ያለውን ግምት ያስተካክላል። ከዚያ የማግኘትም የመሳትም ዕድላችሁ እኩል የሚሆንበትን ጥያቄ ፈልጎ ያመጣል። በጣም ጎበዟ ነርስም ግማሽ ያህሉን ትስታለች፣ ደካማዋም ግማሽ ያህሉን ትስታለች። ልዩነቱ የጥያቄዎቹ ክብደት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው ተቃራኒውን ነው። ፈተና ሲቀለን አጥንተናል ማለት ነው፣ ሲከብደን አላጠናንም ማለት ነው። ይህ ልማድ በብዙ ዓመት ውስጣችን ተቀብሯል። ኤንክሌክስ ላይ ግን ጥሩ በሠራችሁ ቁጥር ይከብዳችኋል። 40ኛው ጥያቄ ላይ ውስጣችሁ «አለቀልሽ» ሲል የሚናገረው የድሮው የትምህርት ቤት ልማድ ነው። ስለ አሁኑ ውጤታችሁ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሌላው የጭንቀት ምንጭ ቁጥሩ ነው። አሁን ባለው ፈተና ትንሹ 85 ጥያቄ ነው፣ ትልቁ 150። ኮምፒውተሩ «ይህች ሰው ከማለፊያው በላይ ናት» ወይም «በታች ናት» ብሎ 95 ከመቶ እርግጠኛ ሲሆን ይዘጋል። «85 ላይ ዘጋብኝ» ብላ የምታለቅስ አለች። «150 ድረስ ወሰደኝ» ብላ የምታለቅስም አለች። ሁለቱም ሊያልፉ ይችላሉ። 86ኛው ጥያቄ መምጣቱ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ገና አልተወሰነም፣ ገና ዕድሉ በእጃችሁ ነው። እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ 100ን ስሻገር እጄ ባልተንቀጠቀጠ ነበር።

አንድ ልጨምር። ከሚመጡላችሁ ጥያቄዎች ውስጥ 15ቱ ውጤት ውስጥ አይገቡም። ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አይነገራችሁም። ስለዚህ ሰምታችሁት የማታውቁት መድኃኒት ሲመጣ ምናልባት የማይቆጠረው ጥያቄ ሊሆን ይችላል። መልሱና እለፉ።

ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የገባው አዲሱ ዓይነት ፈተናም ብዙ ሰው አስፈርቷል። የአንድ ታካሚ ታሪክ ይሰጣችሁና ስድስት ጥያቄ ይከተላል። ምልክቱን ለይ፣ ትርጉሙን አስብ፣ የትኛው እንደሚያሰጋ አስቀድም፣ መፍትሔ አውጣ፣ አድርግ፣ ውጤቱን ገምግም። ፈረቃ ላይ የምናደርገው ይህንኑ አይደለም? ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አምጥቷል። ሁላችንም «ሳታ» የምንለው፣ ትክክል የሆነውን ሁሉ ምረጥ የሚለው ጥያቄ፣ ድሮ አንዷን ከሳቱ ዜሮ ነበር። አሁን ከፊል ነጥብ ይሰጣል። ስህተት ከመረጡ ግን ከዚያው ጥያቄ ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ ሁሉንም ጠቅ ጠቅ ማድረግ አያዋጣም።

ፍርሃት ጥያቄ ሲያነብ

ጭንቀት ሁለት ፊት አለው። አንዱ የሰውነት ነው። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ሌላው የሐሳብ ነው። «ብወድቅስ? ሰው ምን ይለኛል?» ሊበርትና ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 ሁለቱን ለይተው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚሉት ውጤት የሚጎዳው በዋናነት ሁለተኛው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አእምሯችን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ ቦታውን ከያዘ ለጥያቄው የሚተርፍ ቦታ የለም።

ይህን በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። አራት ታካሚዎች አሉ፣ ቀድማችሁ የምታዩት የትኛውን ነው? አንደኛው ከቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ሕመሜ ከ10 ውስጥ 7 ነው ይላል። ሁለተኛዋ የስኳር ታማሚ ናት፣ የደም ስኳሯ 190 ነው። ሦስተኛው ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም አለበት፣ ኦክስጅኑ 90 ከመቶ ነው። አራተኛዋ ዛሬ ጠዋት የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ ድምጿ ጎርንኗል፣ አየር ስታስገባ ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል።

የተጨነቀ ሰው ዓይን በቀጥታ ወደ 90 ይሄዳል። ቁጥር ነው፣ ኦክስጅን ነው፣ ያስደነግጣል። «መተንፈስ ይቀድማል» የሚለውን ሕግም ያስታውሳል። ጠቅ። ተሳሳተ። ለሲኦፒዲ ታካሚ ከ88 እስከ 92 የሚጠበቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገውም እሱ ነው። አራተኛዋ ግን የአየር መንገዷ እየጠበበ ነው። ያ ሲር የሚል ድምፅ ስትራይደር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ይህን ጥያቄ የሳቱ ልጆችን ስለ ስትራይደር ስጠይቃቸው ቁልጭ አድርገው ይነግሩኛል። እውቀቱ አለ። የጎደለው የመጨረሻውን አማራጭ እስኪያነቡ የመታገስ አቅም ነው። ጭንቀት ሰውን ያስቸኩላል። ለዚህ የምመክረው ትንሽ ልማድ አለ። አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል አንድ ጊዜ በሉት። በአማርኛም ይሁን። «ማን ሊሞትብኝ ነው?» እያንዳንዱን አማራጭ ስታነቡ ደግሞ «ይህ የሚጠበቅ ነው ወይስ ያልተጠበቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች ይህ በተለይ ይረዳል። ጥያቄውን ሙሉውን ቃል በቃል መተርጎም ጊዜ ይበላል። ፍሬ ነገሩን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር መያዝ ግን ጊዜ ያተርፋል።

ጊዜው ደግሞ አያንስም። አምስት ሰዓት ነው። 150ውም ቢመጣ ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል።

«የመጀመሪያ መልስሽን አትቀይሪ» የሚለው ምክርስ? ሁላችንም ሰምተነዋል። ጥናቶቹ ግን አይደግፉትም። መልስ ሲቀየር ከስህተት ወደ ትክክል የሚሄደው ይበዛል። ሰው ቀይሮ የሳተውን ጥያቄ የሚያስታውሰው ስለሚያንገበግበው ብቻ ነው። ኤንክሌክስ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ቀጣዩን ከመጫናችሁ በፊት ግን መቀየር ትችላላችሁ። ለመቀየር ምክንያት የሆናችሁ ጥያቄው ውስጥ ያገኛችሁት ቃል ከሆነ ቀይሩ። ፍርሃት ብቻ ከሆነ ተዉት።

የሚያጽናና ጥናትና የሚያስጨንቅ ጥናት

ዝግጅት ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የተጨነቀ ሰው የሚያጽናናውን ጥናት ይመርጣል። መጽሐፉን ደግሞ ያነባል፣ በቢጫ ቀለም ያሰምራል፣ ቪዲዮ ያያል። ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። ጥያቄ መሥራት ግን ያማል። በየሁለት ጥያቄው «ተሳስተሃል» የሚል ቀይ ምልክት ይወጣል። ስለዚህ «መጀመሪያ አንብቤ ልጨርስ፣ ከዚያ ጥያቄ እጀምራለሁ» ይላል። ንባቡ አያልቅም። ቀኑ ይደርሳል።

ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች «እናስታውሰዋለን» ብለው ይበልጥ ተማምነው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። የሚያጽናናው ጥናት ብዙ አያስይዝም፣ የሚያስጨንቀው ግን ያስይዛል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄ ሥሩ። ብዛቱ ላይ አትጣደፉ። በቀን 200 ጥያቄ ሠርታ ማብራሪያውን ከማታነብ ይልቅ 50 ሠርታ የሁሉንም ማብራሪያ የምታነብ ትሻላለች። ያገኛችሁትንም ጭምር አንብቡ፣ በተሳሳተ ምክንያት ትክክል መልሳችሁ ሊሆን ይችላል። የሳታችሁትን ደግሞ ደብተር ላይ ጻፉ። ጥያቄውን መገልበጥ አያስፈልግም። ለምን እንደሳታችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። «አላውቀውም ነበር።» «ቸኩዬ፣ ‹ከዚህ በስተቀር› የሚለውን አላየሁም።» «ሁለት አማራጭ ላይ ቀረሁና ገመትኩ።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስታዩት ችግራችሁ ከመሰላችሁ የተለየ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አብሬያት ያጠናሁት አንዲት ልጅ ፋርማኮሎጂ ይገድለኛል ስትል ከርማ ነበር። ደብተሯን አብረን ስናይ ከግማሽ በላዩ «ቸኩዬ» የሚል ነው።

በሳምንት አንዴ ደግሞ እውነተኛውን ፈተና አስመስሉ። 85 ጥያቄ፣ በአንድ ቁጭታ፣ ስልክ ሌላ ክፍል። ከተቻለ ፈተናችሁ በሚሆንበት ሰዓት። ሰውነት የለመደውን ነገር ያን ያህል አይፈራም።

ቀኑን ለሁሉም ሰው አትንገሩ። ዘመድ በፍቅር ነው የሚጠይቀው፣ አውቃለሁ። ግን «ፈተናው ደረሰ ወይ?» የሚል ስልክ በቀን አራት ጊዜ ሲመጣ ፍቅሩ ሸክም ይሆናል። ለሁለት ሰው ንገሩ፣ ይበቃል። ለሌላው «ሲያልፍ እነግራችኋለሁ» በሉ።

የዋዜማው ሌሊትና ጠዋቱ

እንቅልፍ ላይ አጭር ልሁን። የመጨረሻው ሌሊት የሚጠና ነገር የለም። ቡና ሰውነታችን ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከቀትር በኋላ አትጠጡ። እንቅልፍ እምቢ ቢልም አትደናገጡ። አንድ መጥፎ ሌሊት የወራት ጥናት አያጠፋም።

የፈተና ማዕከሉ ሥርዓት ራሱ ሰው ያስደነግጣል። ቀድማችሁ እወቁት። መታወቂያ ይታያል፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ የመዳፋችሁ ደም ሥር በመሣሪያ ይነበባል። ስልክ ይታሸጋል። ካሜራ ይቀርጻችኋል። እኔን መዳፌን ሲያስነብቡኝ ወንጀለኛ የሆንኩ መሰለኝ። ለሁሉም የሚደረግ ነው። የምትጽፉበት የሚጠፋ ሰሌዳና ማርከር ይሰጣችኋል። ካልኩሌተሩ ስክሪኑ ላይ አለ።

ልብ ሲመታስ? «ተረጋጊ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ አይሠራም። ሰውነት ሞተሩን አስነስቶ እያለ በአንድ ጊዜ አጥፋ ማለት ነው። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ በ2014 ባሳተመችው ሥራ ሰዎች ከከባድ ሥራ በፊት «ልረጋጋ» ከሚሉ ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ሲሉ የተሻለ ሠርተዋል። ምቱ ያው ነው፣ ስሙ ነው የተቀየረው። አንዲት ተፈታኝ «ልቤ የሚመታው ሊረዳኝ ነው» ብላ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፋ ነበር የጀመረችው። ሌላው መንገድ መጻፍ ነው። ራሚሬዝና ቤይሎክ በ2011 ባሳተሙት ጥናት በጣም የሚጨነቁ ተማሪዎች ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን ወረቀት ላይ ሲያወጡ ውጤታቸው ተሻሽሏል። ለሁሉም ሰው እኩል ላይሠራ ይችላል። ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፣ ከመግባታችሁ በፊት ሞክሩት።

ውስጥ እያላችሁ ጭልም ካለባችሁ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ። እግራችሁ ወለሉን ሲነካ ይሰማችሁ። ትንፋሽ አስገቡ፣ ከዚያ ከገባው በላይ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አራት አምስት ጊዜ። ረጅም ማስወጣት ልብን ያዘገያል፣ ሳይኮሎጂ ብቻ ሳይሆን የልብን ምት የሚያዘገየው የቬገስ ነርቭ ሥራ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዕረፍት ትወጡ እንደሆን ይጠይቃችኋል። ጊዜው ከአምስቱ ሰዓት ላይ ይቆጠራል። ቢሆንም ውጡ እላለሁ። ፊት መታጠብ ብቻ ሰው ያድሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጓደኛ የሰጠችውን የልብ ምት ማስታገሻ ወስዶ የገባ ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ያለው መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል፣ አስም ያለበትን ሰው የአየር መንገድ ሊያጠብ እንደሚችል እኛው ነን የምናስተምረው። ሐኪም ሳያዝ፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ቀን፣ አይሞከርም። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ድንጋጤ ደጋግሞ ከመጣ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ፣ ይህ ከፈተና ምክር በላይ ነው። ዛሬውኑ ባለሙያ አናግሩ። ለታካሚያችሁ የምትመክሩት ይህንኑ ነው።

ከፈተናው በኋላ

አሜሪካ ውስጥ መደበኛ ያልሆነውን ፈጣን ውጤት ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ ከፍሎ ማየት ይቻላል። እነዚያ ሁለት ቀናት ረጅም ናቸው። ፈተናውን በሚሰጠው ድርጅት በፒርሰን ቪው ስም «ፒርሰን ቪው ትሪክ» የሚባለውን ዘዴ የሚሞክር ብዙ ነው። ለድጋሚ ፈተና እንደሚመዘገብ ሰው ገብቶ ሲስተሙ ሲከለክለው «አልፌያለሁ» ብሎ ይተረጉማል። እባካችሁ ተዉት። ውጤት የሚነግራችሁ የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። በዚህ ትሪክ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ያደረች ልጅ አይቻለሁ። አልፋ ነበር።

የወደቀስ? እዚህ ላይ ዝም ማለት የለመድን ይመስለኛል፣ ያ ዝምታ ደግሞ ከፈተናው ይልቅ ይጎዳል። በ2023 አሜሪካ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈተና ከወሰዱት 88 ከመቶ ያህሉ አልፈዋል። ውጭ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወሰዱት ግን ያለፉት ግማሽ አካባቢ ናቸው። ከሌላ አገር የመጣ ነርስ ቢወድቅ ብቻውን አይደለም ማለት ነው። ድጋሚ ለመፈተን በመደበኛው 45 ቀን መጠበቅ ነው፣ በዓመት እስከ ስምንት ጊዜ ይቻላል። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው ገደብ አላቸው፣ አጣሩ። የወደቀ ሰው አንድ ሪፖርት ይላክለታል። በየዘርፉ ከማለፊያው በላይ፣ በማለፊያው አካባቢ፣ ወይም በታች መሆኑን ይነግረዋል። ብዙዎች ተናደው ይጥሉታል። ከዚያ ወረቀት የተሻለ የጥናት እቅድ ግን ማንም አይሰጣችሁም።

ሁለት ጊዜ የወደቀች ጓደኛ አለችኝ። ሪፖርቱን ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ደብቃው ነበር። አንድ ቀን አውጥታ አመጣችልኝ። አብዛኛው «በማለፊያው አካባቢ» ይላል። «በታች» የሚል አንድ ዘርፍ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። «እኔ እኮ ምንም የማላውቅ ነበር የመሰለኝ» አለች። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ወደ ጥያቄ ገባች።

ሦስተኛውን ስትፈተን 131 ጥያቄ ሄደባት። እንደወጣች ደወለችልኝ። «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ከብዶኝ ነበር» አለችኝ። «85ን ሲያልፍ ገና አልወሰነም አልኩና ቀጠልኩ።»